አምስቱ ኬላዎች፤ ዘፈን የገባበት፣ ሰው የሚወጣበት

አዲስ አበባ አምስት በር አላት፤ የጅማው፣ የአምቦው፣ የጎጃሙ፣ የደሴው እና የደብረ ዘይቱ። ካርታ ላይ ብታዩአቸው እንደ እጅ ጣት ከመሀል ወደ ዳር የተዘረጉ መንገዶች ናቸው። ድሮ በነዚህ መግቢያዎች ላይ ኬላ ነበር። ከገጠር የመጣ ጭነት ይቆማል፣ ይፈተሻል፣ ቀረጥ ይከፈልበታል፣ ከዚያ ይገባል። እህሉ ተቆጥሯል፣ ቅቤውና ማሩ ተመዝኗል። አንድ ጭነት ብቻ ማንም ሳይቆጥረው አለፈ፤ ዘፈን።

ዛሬ «የአዲስ አበባ ሙዚቃ» ብለን ፕሌይሊስት የምንሠራለት ነገር አብዛኛው በነዚህ በሮች የገባ ነው። ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎን፣ ገላንን አልፎ ነው መሀል ከተማ የደረሰው። እነዚህን ስሞች ግን የምናውቃቸው ከዘፈን ሳይሆን ከታክሲ ረዳት አፍ ነው። «ሰበታ! ሰበታ! የሞላ!» ስለ ባቲ ትዝ የሚለን ዜማ አለ፣ ስለ ጎንደር አለ፣ ስለ ሐረር አለ። ስለ ሰበታስ? ስለ ኮዬ ፈጬስ? ለብዙዎቻችን ማለፊያ ናቸው፤ ማለፊያ ደግሞ ትዝታ አይሆንም ብለን እናስባለን።

እኔ የምጽፈው ከኮዬ ፈጬ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ተከራይ ሆኜ። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ጀማሪ ሆኖ በኤንትሬ ተነሥቶ፣ ዕድሜውን በሙሉ አምስቱንም መንገዶች ሲመላለስባቸው ኖረ። ሲሞት ትቶልን የሄደው ብዙ ነገር አልነበረም፤ አንድ ካርቶን ካሴት ግን ነበረው። ካሴቶቹን የደረደረው በዘፋኝ ስም ወይም በዓመት አልነበረም፤ በመንገድ ነው። ሽፋናቸው ላይ በእስክሪብቶ «ጅማ»፣ «ወሎ»፣ «ጎጃም» ተብሎ ተጽፏል። የትኛው ዘፈን በየትኛው በር እንደገባ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

እኛ ቤት በለቅሶ ጊዜ ራዲዮ ይዘጋል። እናቴ ዓመት እስኪሞላው ድረስ አልከፈተችም። ስለዚህ ካሴቶቹን መስማት የጀመርኩት ከዓመቱ በኋላ ነው፤ ወደ ስልክ አስገልብጬ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ እሱ በጻፈባቸው መንገዶች ላይ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ጉዞ የወጣ ነው።

የጅማ በር

በሰበታ የሚያልፈው የጅማ መንገድ ወደ ወሊሶ ይወስዳል። ጥላሁን ገሠሠ ያደገው ወሊሶ ነው። በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ሲማር ከዘፈን በቀር ሌላ ነገር አልገባ ያለው ልጅ ነበር። ታሪኩ ሲነገር እንዲህ ነው፤ ዘፈኑን ለመከተል ከቤት ጠፍቶ በእግሩ ወደ አዲስ አበባ ተነሣ፣ ቱሉ ቦሎ ዘመድ ቤት አደረ፣ ይዘው መለሱት። እሱ ግን ውሎ ሳያድር በጭነት መኪና ላይ ተደብቆ እንደገና ወጣ። ያ መኪና ሰበታን አልፎ ከተማ ሲገባ፣ በኬላው ላይ የቆመ ፈታሽ ጆንያ ቆጥሮ ይሆናል። ከጆንያው መሀል የተቀመጠው የሚቀጥለው ግማሽ ክፍለ ዘመን ድምፅ እንደሆነ ማን ያውቃል?

ጥላሁን ሀገር ፍቅር ገባ፣ ከዚያ የክብር ዘበኛ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መኮንኖች መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ሲከሽፍባቸው እሱም ለእስር ተዳረገ። ወጥቶ ዘፈነ፤ ሦስት መንግሥት እየዘፈነ አለፈ። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. የሞተው በፋሲካ ዕለት ነው። ሀገር ሥጋ በልቶ፣ ጠጅ ጠጥቶ ተደስቶ ያመሸበት ቀን ነበር። በማግሥቱ ቴሌቪዥን የተከፈተበት ቤት ሁሉ የለቅሶ ቤት ሆነ።

አባቴ የዚያን የጭነት መኪና ታሪክ በጣም ይወደው ነበር። «ያን ሹፌር ባገኘው ኖሮ ቡና እጋብዘው ነበር» ይላል። እሱም ሹፌር ስለነበር ነገሩ የሙያ ኩራት ነው፤ ታላላቆቹን ወደ ከተማ ያመጧቸው ሾፌሮች ናቸው ብሎ ያምናል።

በዚሁ በር ሌላም ሰው ገብቷል። ከዓለም ገና ወደ ቡታጅራና ሆሳዕና የሚገነጠለው መንገድ የጉራጌ ነጋዴዎች የደም ሥር ነው። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የሚኖሩ ጉራጌዎች ከኪሳቸው አዋጥተው መንገድ ወደ አገራቸው እንዲሠራ አደረጉ። መንግሥትን «ሥራልን» ብሎ መለመን ሲሰለች፣ ከሊስትሮ ሣንጢምና ከሱቅ ትርፍ መንገድ ተሠራ ማለት ነው። መርካቶ ተወልዶ ሊስትሮነትን ያየው ማሕሙድ አሕመድም ከዚህ ማኅበረሰብ የወጣ ነው። በአሪዞና ክለብ ተላላኪ ሆኖ ሲሠራ አንድ ምሽት ዘፋኝ ሲቀር «እኔ ልሞክር» አለ፤ የሆነውን ታውቁታላችሁ።

የአምቦ በር

ከአስኮ ወጥታችሁ ቡራዩን ስታልፉ ገፈርሳ ግድብ አለ። አዲስ አበባ ለዘመናት ውኃ የጠጣችበት ነው። ከዚያ ሆለታ፣ ጊንጪ፣ አምቦ። ይህን መንገድ በተመለከተ ረጋ ብዬ ልጻፍ፤ ምክንያቱም ቁስሉ ገና ትኩስ ነው።

ሃጫሉ ሁንዴሳ የአምቦ ልጅ ነው። በ17 ዓመቱ ታስሮ አምስት ዓመት አምቦ እስር ቤት ቆየ። ሙዚቃ የተማረው እዚያ ነው ማለት ይቻላል፤ የመጀመሪያ አልበሙን ግጥሞች እስር ቤት ሆኖ ጻፈ። በ2007 ዓ.ም. ያወጣው «ማላን ጅራ» የፍቅር ዘፈን ይመስላል፤ ፍቅርም ነው። ግን የጉለሌን ስም ያነሣል። አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት በዚያ የነበሩትን፣ ከመሬታቸውና ከወዳጃቸው የተለያዩትን ያስታውሳል። እኛ «ጉለሌ» ስንል ክፍለ ከተማ እንላለን፤ ዘፈኑ «ጉለሌ» ሲል የሰው አገር ይላል። አንድ ቃል ሁለት ትዝታ ተሸክሟል።

ዘፈኑ በወጣ በወራት ውስጥ፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባና የዙሪያዋን ኦሮሚያ ከተሞች የሚያገናኘውን ማስተር ፕላን የተቃወመው ሰልፍ ከጊንጪ ተነሣ። ጊንጪ ያለችው በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ብዙ ወጣት ሞተ። ጥር ላይ ፕላኑ ተሠረዘ። «ማላን ጅራ» የዚያ ዘመን ድምፅ ሆነ።

ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ማታ ሃጫሉ ተገደለ፤ አዲስ አበባ፣ ገላን ኮንዶሚኒየም አካባቢ። በማግሥቱ አስከሬኑን ይዞ ወደ አምቦ የሚሄደው ሰልፍ ቡራዩ ላይ ተመለሰ፤ የት ይቀበር የሚለው ክርክር ነበር። በመጨረሻ አምቦ የደረሰው በሄሊኮፕተር ሲሆን ሰኔ 25 ተቀበረ። በዚያ ሳምንት በአዲስ አበባና በኦሮሚያ የሞተው ሰው ብዙ ነው፤ ከየወገኑ። ያ ኬላ፣ ዘፈን ሲገባበት የኖረው፣ ዘፋኙን ሬሳ ሆኖ እንኳ አላሳልፍ አለ።

ቡራዩ ሌላም ኀዘን አላት። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በደረሰው ጥቃት ከደቡብ የመጡ ሰዎች፣ ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች፣ ሞቱ፤ ተፈናቀሉ። ወጣቶች አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል ሲነሡ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው መለሷቸው። ያን ፎቶ ያየ አይረሳውም። እኔ ግን ሁልጊዜ የማስበው ስለ ድምፅ ነው። የዶርዜ ዘፈን በብዙ ድምፅ ይዘፈናል፤ አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው በሌላ መስመር ይገባል፣ ሦስተኛው ይሞላዋል። ማንም ማንንም አይሸፍንም። አንድ ሰው ብቻውን ሊዘፍነው አይችልም። ሸማኔ ሆነው ይህን ይዘው የመጡ ሰዎች ከቤታቸው ሲወጡ አንድ ሰፈር የጠፋው ጥለት ብቻ አይደለም።

የጎጃም በር

አባቴ «ጎጃም» ብሎ የጻፈባቸው ካሴቶች መሰንቆ የሞላባቸው ናቸው። የእንጦጦን ዳገት ወጥቶ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሲወርድ ነበር የሚያስገባቸው። ሱሉልታን ዛሬ የምናውቃት በሯጮችና በአበባ እርሻ ነው፤ ጠዋት በጉም ውስጥ ትራክ ሱት የለበሱ ልጆች እንደ ጥላ ሲያልፉ ታያላችሁ። ለዘመናት ግን በዚህ ሜዳ ላይ ያለፈው አዝማሪ ነው፤ ከዓባይ ማዶ ተነሥቶ መሰንቆውን አንግቶ፣ ሠርግ ካለበት እያደረ።

እኔ ግን እዚህ በር ላይ የማቆመው አዝማሪን አይደለም፤ በገናን ነው። ዓለሙ አጋ በ1940ዎቹ እንጦጦ አካባቢ ተወለደ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ ጎረቤት የገቡት የበገና ሊቅ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ናቸው። ልጁ በአጥር ማዶ ድምፁን ሰማ፤ ተከተለው፤ ተማረው። ኋላ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና አስተማረ። ደርግ ሲመጣ መንፈሳዊ ዜማ ቦታ አጣ፤ እሱም ማስተማሩን ትቶ ፒያሳ ሱቅ ከፈተ። አስቡት፤ የበገና ሊቅ ባንኮኒ ጀርባ ቆሞ ዕቃ ሲሸጥ።

የበገና ጉዳይ ለዚህ ጽሑፍ ዋና ነው። ለቅሶ ቤት ራዲዮ ይዘጋል ብያለሁ። በዐቢይ ጾምም ዘፈን ይቆማል፤ በገና ግን ይፈቀዳል። ይህ ማለት ባህላችን ኀዘንን ያለ ድምፅ አልተወውም፤ የተለየ ድምፅ ሰጠው እንጂ። በለቅሶ ሙሾ አለ፤ አልቃሿ የሟቹን አገር፣ በሬውን፣ ጠመንጃውን፣ ልጆቹን እየጠራች ታወርዳለች። ሙሾ ውስጥ የቦታ ስም ይበዛል። ሰው ሲሞት ከነመንደሩ ነው የሚለቀሰው።

የደሴ በር

በለገጣፎ የሚወጣው መንገድ ለሙዚቃችን ስም የሰጠ መንገድ ነው። አራቱን ቅኝቶች ቁጠሩ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ባቲ የሰኞ ገበያዋ የታወቀ የወሎ ከተማ ናት፤ አምባሰል ከደሴ በላይ ያለ ተራራማ አገር ነው። በዓለም ላይ ስንት ሕዝብ አለ የዜማ ሥርዓቱን በገበያውና በተራራው ስም የሚጠራ? ክራር ተጫዋች «ባቲ ቃኝልኝ» ሲባል፣ ሳያስበው ስድስቱን ክር በአንድ የገበያ ከተማ ስም እየቃኘ ነው።

የአባቴ «ወሎ» ካሴቶች በጣም ያለቁት ናቸው። ማሪቱ ለገሰ ያለችበት አንዱ በቢክ እስክሪብቶ ስንት ጊዜ እንደተጠቀለለ እግዜር ይወቀው። በ1966ቱ ረሃብ በዚህ መንገድ ዳር የተቀመጠውን ሕዝብ በልጅነቱ አይቷል። በ1977 ደግሞ የእርዳታ እህል ጭኖ ተመላልሷል። ስለዚያ ብዙ አያወራም ነበር። ካሴቱን ያስገባና ደብረ ሲና ቁልቁለት ላይ ዝም ይላል፤ እኔ ከጎኑ ተቀምጬ እንቅልፍ እመስል ነበር። ትዝታ የምንለው ቅኝት ለፍቅር ብቻ ሳይሆን ለዚህም እንደሚሆን የገባኝ ያኔ ይመስለኛል።

በዚሁ መስመር፣ ከይፋት፣ ጌታቸው መኩሪያ መጣ። በ1927 ዓ.ም. የተወለደ ነው። በዋሽንት፣ በክራርና በመሰንቆ ጀምሮ ሳክስፎን ያዘ፤ ከዚያ ጦረኛ በጎራዴና በጋሻ ፊት የሚያወርደውን ሽለላ በሳክስፎን ነፋው። አሜሪካኖች በዚያው ዘመን ሳክስፎንን ሲያስጮኹ «አዲስ ጃዝ» ተባለ። ጌታቸው የሚያስጮኸው ግን የአያቶቹን ፉከራ ነበር። በ2008 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ ሳይደክመው ነፋ።

የባቡሩ በር

አምስተኛው በር የኔ ነው፤ የአቃቂ፣ የገላን፣ የኮዬ ፈጬ። በዚህ አቅጣጫ ዘፈን በባቡር ገባ።

የጂቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1916፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ያገኟቸው አርባ ወላጅ አልባ አርመን ልጆች በዚሁ ሐዲድ መጡ። ከእልቂት የተረፉ፣ ቤተሰብ የሌላቸው፣ ግን ነሐስ መንፋት የሚችሉ ልጆች። «አርባ ልጆች» ተባሉ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያን የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ ሀገር ተነሥቶ የቆመለት ዜማ የስደተኛ ሥራ ነበር። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንድያን ደግሞ ኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የኢትዮጵያን ዜማ ለትልቅ ባንድ ማቀናበር ለአንድ ትውልድ አስተማረ። ሀገራቸውን ያጡ ሰዎች የኛን ድምፅ ቀረጹልን። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ኩራትና ኀፍረት ይቀላቀሉብኛል፤ ዛሬ ከቦታው የተነሣን ሰው እንዲህ እንቀበላለን ወይ?

ዓሊ ቢራም የዚህ ሐዲድ ልጅ ነው። ከድሬዳዋ፣ ከአፍረን ቀሎ ቡድን። በአፋን ኦሮሞ መዝፈን በሚያስጠረጥርበት ዘመን ከተማ ገብቶ የክብር ዘበኛ ባንድን ተቀላቀለ፤ ኦሮምኛን፣ ሐረሪን፣ ሶማሊኛን፣ አማርኛን፣ ዓረብኛን ሁሉ ዘፈነበት። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አዳማ ላይ አረፈ፤ ከተማዋ የዚያው ሐዲድ ጣቢያ ናት።

አሮጌው ባቡር ቆሟል። ለገሃር ጣቢያው እንጂ ፉጨቱ የለም። በመስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከሰበታ ይነሣል፤ በለቡ አድርጎ፣ ወደኛ ጠጋ ብሎ በእንዶዴ ያልፍና ወደ አዳማ፣ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ጂቡቲ ይቀጥላል። ልብ በሉ፤ መሀል ከተማ አይገባም። ዳር ዳሩን ነው የሚሄደው። የመጀመሪያው ባቡር ጭነቱን ይዞ ለገሃር ድረስ መጣ፤ ሁለተኛው ኬላው ላይ ቀረ። ከተማዋ ራሷ ወደ ኬላው መጥታለችና።

መሀሉ

በአምስቱ በር የገባው ሁሉ የት ሄደ? ፒያሳና አካባቢዋ። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተከፈተ። ከደጃች ውቤ ሰፈር አጠገብ፣ ዶሮ ማነቂያና ውቤ በረሃ ከጦርነቱ በኋላ ከተማዋ የምታመሽበት ቦታ ሆኑ። ወታደሩ፣ ሹፌሩ፣ ተማሪው፣ ባላባቱ አንድ ቤት የሚገናኙበት። በ1961 ዓ.ም. አምኃ እሸቴ የሚባል ወጣት ሸክላ ማሳተም የመንግሥት ሥራ ነው የሚለውን ደንብ ጥሶ የራሱን አሳታሚ ጀመረ። የመጀመሪያውን ሸክላ ያስቀዳው ዓለማየሁ እሸቴን ነበር፤ ሕንድ ተልኮ ነው የታተመው። ከዚያ በኋላ የወጣውን ሁሉ ዛሬ ዓለም «ወርቃማው ዘመን» ይለዋል።

ወርቃማው ዘመን ስድስት፣ ሰባት ዓመት እንኳ አልሞላም። ደርግ መጣ፤ ሰዓት እላፊ ታወጀ። ሰዓት እላፊው አሥራ ሰባት ዓመት ያህል ቆየ። አምኃ ተሰደደ። የምሽት ሙዚቃ ለሌሊት ሰው ነበር የተሠራው፤ ሌሊቱ ሲወሰድ ሙዚቃው ቤት አጣ። ከተማዋ ሁለት አሥርት ለሚጠጋ ጊዜ እንደ ለቅሶ ቤት ሆነች፤ ሕዝቡ ለቅሶውን እንኳ እንዳያሰማ በተከለከለበት ዘመን።

አምኃና ዓለማየሁ በ2013 ዓ.ም. በወራት ልዩነት ሞቱ። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ፈረሰች። በ2017 ተራው የካዛንቺስ ሆነ። ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሩት ቤት ሲሆን፣ ከደርግ በኋላ የአዝማሪ ቤቶች ሰፈር ሆና ነበር። ፈንድቃም አብሮ ፈረሰ፤ ጨፋሪው መላኩ በላይ ከአዝማሪ ቤትነት አንሥቶ ዓለም የሚያውቀው የባህል ማዕከል ያደረገው ቤት። ብዙ ነዋሪ ገላን ጉራና ሌሎች የዳር ሰፈሮች ደረሰው። አንዳንዱ «ቢያንስ ሽንት ቤቱ ውስጥ ነው፣ ቧንቧው የራሴ ነው» ብሎ ተደስቷል፤ ደስታውም እውነት ነው፤ አንድ ሽንት ቤት ለአሥር ቤት ተሰልፎ ያላደገ ሰው ስለ አሮጌ ሰፈር ውበት ባያወራ ይሻላል። ግን ዕድሩ ተበተነ። ማን ማንን ይቀብራል የሚለው ስምምነት በአንድ ሳምንት ፈረሰ። ሙሾ የምታወርደዋ ሴትዮ አንድ ሳይት፣ የምታለቅስለት ጎረቤቷ ሌላ ሳይት ሆኑ።

ስለዚህ በአምስቱ በር የገባው ነገር፣ በነዚያው በሮች እየወጣ ነው። ልዩነቱ ሲገባ ዘፈን ነበር፤ ሲወጣ ፍራሽና ቁም ሣጥን በአይሱዙ የጫነ ሰው ነው።

ኮዬ ፈጬ

የሚወጣው ሰው የሚያርፈው ግን ባዶ መሬት ላይ አይደለም። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. የ51,229 ኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ ወጣ፤ የኮዬ ፈጬ ቤቶችም ነበሩበት። ዓመታት የቆጠቡ ሰዎች ስማቸውን ጋዜጣ ላይ አግኝተው እልል አሉ። በማግሥቱ በኦሮሚያ ከተሞች ሰልፍ ወጣ፤ መሬቱ የኛ ነበር፣ ገበሬው ሳይካስ ለማን ይሰጣል ብለው። አንዱ ቤት እልልታ፣ ሌላው ቤት እሪታ፤ በአንድ ስም ላይ። ከዚያ የወሰን ድርድር መጣ፤ በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሌሎቹ ሸገር ከተማ ተብለው ተጠቃለሉ። ከተማዋን ከቦ የያዘ ሌላ ከተማ ተፈጠረ።

የብሎካችን ጥበቃ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው። እዚሁ አርሰዋል። አንድ ቀን መኪና የሚቆምበትን ቦታ በዱላቸው ከበቡና «ይኼ አውድማችን ነበር» አሉኝ። ጤፍና ሽንብራ ይወቃበት የነበረ። በሬ እየነዱ ሲወቁ ምን ይዘፍኑ እንደነበር ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥለው ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ቀስ ብለው፣ በኦሮምኛ፣ በሬውን በስሙ እየጠሩ አወደሱት። ቦራ ነበር ስሙ። ቦራ የሚለውን ቃል አማርኛም ያውቀዋል፤ ደቦ የሚለውንም እንዲሁ። ሲጨርሱ «በሬውም ተሸጠ» አሉና ወደ በራቸው ተመለሱ።

ያን ዕለት የአባቴን ካርቶን እንደገና አየሁት። «ጅማ»፣ «ጎጃም»፣ «ወሎ»፣ «አምቦ»፣ «ድሬ»። የሚጀምርበት አውድማ፣ መኪናውን አቁሞ ሻይ የሚጠጣበት ገላን፣ ጎማ የሚያስነፋበት ሰበታ፣ ካሴት የላቸውም። አልዘፈኑም ማለት ግን አይደለም። ካሴት ሻጩ እዚያ አልቆመም፤ እኛም በመስኮት እያየን አለፍን። የትዝታ ትልቁ ችግር ይኼ ነው፤ የራሱን ኀዘን ብቻ ጮክ ብሎ ይሰማል። ከፒያሳ የተነሣው ስለ ፒያሳ ያዝናል፤ ከአውድማው የተነሣው ስለ አውድማው። ሁለቱ አሁን በአንድ ደረጃ ይወጣሉ፣ በአንድ ቧንቧ ወረፋ ይጠብቃሉ። አንዱ የሌላውን ሙሾ ካልሰማ ግን ጎረቤት አልሆኑም፤ ጎን ለጎን የተቀመጡ ተፈናቃዮች ናቸው።

ፖለቲካው ይህን አይፈታውም ብዬ አላስብም፤ ካሳ በዘፈን አይተካም፣ የተወሰደ መሬት በዜማ አይመለስም። የምለው ከዚያ ያነሰና ከዚያ የቀደመ ነው። ዶርዜዎች እንደሚዘፍኑት፣ ሌላው መስመሩን ይዞ ሲገባ ዝም ብሎ ቦታ መልቀቅ አለ። አርባዎቹ ልጆች ሲመጡ ይህች ከተማ ያን አድርጋ ታውቃለች።

ባለፈው ቡሄ የብሎካችን ልጆች ዱላ ይዘው ደረጃውን ወጡ። ድሮ በጓሮ መሬት ላይ የሚመታው ዱላ ሲሚንቶ ላይ ሲያርፍ ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ ያስተጋባል፤ ግድግዳው ራሱ የሚቀበል ይመስላል። አንደኛ ፎቅ ላይ በአማርኛ ጀመሩ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የአባባ የልጅ ልጅ አወራጅነቱን ተቀብሎ በኦሮምኛ ገባበት፤ የካዛንቺስ ልጆች ቃሉን ባያውቁትም ምቱን ስለሚያውቁት ተቀበሉት። እናቴ ሙልሙል ይዛ በር ከፈተች። ስልኬን አውጥቼ ቀዳሁት። ፋይሉ ስም ሲጠይቀኝ እንደ አባቴ በመንገድ ልሰይመው አሰብኩና፣ ቦታው መንገድ ስላልሆነ፣ «ኮዬ ፈጬ» ብዬ ጻፍኩበት።